ብርን የሚበላው ማን ነው?

የጠቆረ መስቀል፣ አንድ ጠብታ አሲድ፣ ግማሽ ሎሚ፤ በመቀሌ የብር ጌጥ ላይ ስለሚደርሰው ዝምተኛ ጉዳት

በመቀሌ ገበያ ዳር ካሉት የወርቅና የብር ሱቆች ወደ አንዱ ገብቶ አሮጌ መስቀል ሊሸጥ የሚፈልግ ሰው ከዋጋው በፊት የሚገጥመው ምርመራ ነው። አንጥረኛው መስቀሉን ይገለብጥና ከማይታየው ወገን በሞረድ ጫር ያደርገዋል። ከትንሽ ብልቃጥ አንድ ጠብታ ናይትሪክ አሲድ በጭረቱ ላይ ያሳርፋል፤ ፊቱንም ከጭሱ ያሸሻል። ጠብታው ወዲያው አረንጓዴ ሆኖ ከፈላ ነገሩ አለቀ፤ ዕቃው ላዩ ነጭ፣ ውስጡ መዳብና ኒኬል ነው። ቀለሙ ወደ ግራጫና ወደ ወተት ካደላ ግን ጠንቃቃው አንጥረኛ ሁለተኛ ጠብታ ያስከትላል። ይህኛው በውኃ የሟሟ የወጥ ጨው ነው። ጨዉ አሲዱን እንደነካ እንደ አይብ የረጋ ነጭ ነገር ብቅ ይላል። ከመስቀሉ ተነሥቶ በአሲዱ ውስጥ የሟሟው ብር ከጨዉ ጋር ተጣብቆ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ያን ነጭ ነገር ፀሐይ ላይ ቢተዉት ደግሞ ጥቂት ቆይቶ ወደ ሐምራዊ ግራጫ ይለወጣል።

ይህች ሁለት ጠብታ የምትፈጅ ምርመራ ብዙ ሰው በከፊል ብቻ የሚያውቀውን ነገር ታሳያለች። «ብር በአሲድ ይሟሟል» የሚለውም፣ «ብር አሲድ አይነካውም» የሚለውም ሁለቱም እውነት ይዘዋል። ልዩነቱ የሚመጣው አሲዱ የትኛው እንደሆነና ማንን አስከትሎ እንደመጣ ሲታወቅ ነው። በየቤቱ የሚሠራበት እምነት ግን ከዚህ የቀለለ ነው፦ ብር ሲጠቁር ታሟል፣ ሎሚ ያድነዋል። በነሐሴ አጋማሽ አሸንዳ ሲደርስ፣ በታኅሣሥና በጥር ልደትና ጥምቀት ሲቃረቡ፣ ድሪውና አልቦው፣ ጉትቻውና የአንገት መስቀሉ ከሙዳይ ይወጣል፤ ሎሚ ይቆረጣል፣ ጨው ይነሰነስበታል፣ ይፈተጋል። ጌጡም ያበራል። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ብሩን ቀስ በቀስ የሚበላው ከጥቁረቱ ይልቅ ይኸው ማጽጃ ነው የሚል ነው።

ጠገራውና አሞሌው

መቀሌ ስለ ብርና ስለ ጨው በአንድ አፍ ለመነጋገር የተመቸች ከተማ ናት። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መቀመጫቸው ሲያደርጓት፣ ጣሊያናዊው ጃኮሞ ናሬቲም ዛሬ ድረስ የቆመውን ቤተ መንግሥት ሲሠራላቸው፣ የአገሩ ገበያ የሚተዳደረው በእነዚህ በሁለቱ ነበር። ለትልቁ ሒሳብ ጠገራ ብር፣ ለዝርዝሩ አሞሌ ጨው። አሞሌው በአፋር ዝቅተኛ ምድር ተፈልጦ፣ በግመል ተጭኖ ሽቅብ ወደ ደጋው ይወጣል፤ መቀሌም የዚህ ንግድ በር ሆና አደገች። ጠገራው የመጣው ከባሕር ማዶ፣ በቀይ ባሕር ወደቦች በኩል ነው። በላዩ የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ ምስል አለ። ንግሥቲቱ በ1780 እ.ኤ.አ. ከሞቱ በኋላ እንኳ ሳንቲሙ ያንኑ ዓመት እንደያዘ በቪየናም በሌሎች ከተሞችም እየተመታ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ጎርፏል። ዐፄ ምኒልክ በፓሪስ የራሳቸውን ብር ሲያስመቱ እንኳ ገበያው ከጠገራው ቶሎ አልተላቀቀም።

አንድ ጠገራ 28 ግራም ገደማ ይመዝናል። ከ1000 እጁ 833 እጁ ንጹሕ ብር ነው፤ ቀሪው መዳብ ነው፤ ከስድስት አንድ እጅ ማለት ነው። ይህችን ስድስተኛ እጅ አንባቢ ይያዝልኝ፤ በኋላ ዋናዋ ተከሳሽ ትሆናለች። ከ1937 ዓ.ም. የገንዘብ ለውጥ በኋላ ጠገራው ከመገበያያነት ሲወጣ፣ ከዚያም በፊት እንደተለመደው፣ ወደ አንጥረኛው ወናፍ ገባ። አገሪቱ በብዛት የሚወጣ የብር ማዕድን ስላልነበራት የአያቶቻችን የብር ጌጥ አብዛኛው የቀለጠ ጠገራ ነው። ንግሥቲቱ ቀልጣ የአክሱም መስቀል ሆነች፣ የእግር አልቦ ሆነች፣ የጆሮ ኩክ ማውጫ ሆነች። በቋንቋችን የብረቱ ስምና የገንዘቡ ስም አንድ ሆኖ የቀረውም ገንዘቡ ራሱ ብር ስለነበር ነው።

ጌጥ ተመልሶ ገንዘብ ሲሆን ያየ ሰው ደግሞ በትግራይ ሞልቷል። በትግራይ ጦርነት ጊዜ የክልሉ ባንኮች ተዘግተው፣ ደመወዝ ተቋርጦ ሳለ፣ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነቱ እስኪፈረምና ከዚያም በኋላ ባንኮቹ እስኪከፈቱ ድረስ፣ በሙዳይ የተቀመጠው ጌጥ የብዙ ቤተሰብ የመጨረሻ ተቀማጭ ነበር። ተቀማጭ በሚዛን ይለካል። ስለዚህ ከጌጥ ላይ በየዓመቱ ምን ያህል እንደሚነሣ መጠየቅ የቅርስ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የኪስ ጉዳይም ነው።

> ንግሥቲቱ ቀልጣ የአክሱም መስቀል ሆነች፣ የእግር አልቦ ሆነች።

ጥቁሩ ከየት ይመጣል?

ብረት ሲዝግ የሚያጠቃው እርጥበትና ኦክስጅን ነው። የብር ነገር ግን ይለያል፤ ንጹሕ አየር ውስጥ ለዘመናት ነጭ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። የሚያጠቁረው ድኝ ነው። የበሰበሰ እንቁላል ሽታ የሚሰጠው ጋዝ ውስጥ ድኝ አለ፤ ሽንኩርት፣ ሱፍ፣ ላስቲክ፣ የከሰልና የኩበት ጭስም በትንሽ በትንሹ ይለቁታል። አፍንጫ የማያሸትተው ያህል ቢሆንም እንኳ ለብሩ ይበቃዋል። ድኙ ከብሩ ጋር ሲዋሐድ ላዩን አንድ ስስ ሽፋን ይለብሳል፤ መጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡና ዓይነት፣ ከዚያ ሰማያዊ፣ በመጨረሻ ጥቁር። ቀለሙ የሚለዋወጠው ሽፋኑ ሲወፍር ነው፤ ወፈረ ሲባልም ከሰው ፀጉር ውፍረት ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። በደረቁ የመቀሌ በጋ ሥራው ይዘገያል፤ ክረምት ገብቶ አየሩ እርጥበት ሲይዝ ይፋጠናል። ከአሸንዳ በፊት ጌጡ ጠቁሮ የሚገኘው አለምክንያት አይደለም።

በዚህ ሽፋን ውስጥ የታሰረው ብር እጅግ ጥቂት ነው። ከዚህም በላይ ሽፋኑ እየወፈረ ሲሄድ ድኙ ወደ ታችኛው ብር ለመድረስ ይቸገራል፤ ስለዚህ ጥቁረቱ ራሱን በራሱ ያዘገያል። አንጥረኞች ደግሞ ሌላ ነገር ያስተውላሉ፤ በመስቀሉ ጥልፍልፍ ጎድጓዳ ውስጥ የተኛው ጥቁር ባይኖር ጥልፍልፉ አይነበብም ነበር። ጥቁር መሬት፣ ነጭ ሐረግ። አሮጌ ዕቃ የሚሰበስቡ ገዢዎች ይህን ስለሚወዱ አዲስ መስቀል ሆን ብሎ በድኝ የሚያጠቁርም አለ። እንግዲህ በሽታ ብለን የምንፈትገውን ነገር ሌላው ሰው ገንዘብ ከፍሎ ይገዛዋል።

አሲድ ብቻውን ብርን አይችለውም

አሲድ ብረታ ብረትን እንዴት እንደሚያሟሟ ለመረዳት የገበያን ሥርዓት ማሰብ ይበቃል። ማንኛውም ብረት ሲሟሟ ኤሌክትሮን ይሰጣል፤ ኤሌክትሮን የሰጠው ቅንጣትም አዮን ሆኖ ወደ ፈሳሹ ይገባል። ግን ሻጭ ካለ ገዢ ያስፈልጋል። በተራ አሲድ ውስጥ ያለው ገዢ የአሲዱ ሃይድሮጅን ነው። ብረትና ዚንክ ለዚህ ገዢ በደስታ ይሸጣሉ፤ በአሲድ ውስጥ ሲገቡ የሚወጣው አረፋ የሽያጩ ምልክት ነው። የኬሚስትሪ ሰዎች የእያንዳንዱን ብረት «አልሸጥም ባይነት» በቮልት ይለኩታል። ሃይድሮጅን ዜሮ ላይ ሲቆም፣ ዚንክ ከዜሮ በታች 0.76፣ መዳብ ከዜሮ በላይ 0.34፣ ብር 0.80 ላይ ነው። ብር ለሃይድሮጅን ኤሌክትሮኑን አይሸጥም፤ ዋጋው አይገናኝም። አየር በሌለበት የቀጠነ አሲድ ውስጥ የተቀመጠ ንጹሕ ብር እዚያው ተቀምጦ ይቀራል።

ታዲያ የአንጥረኛው ጠብታ ብሩን እንዴት አሟሟው? ናይትሪክ አሲድ ከሃይድሮጅኑ ሌላ የተሻለ ዋጋ የሚያቀርብ ገዢ ይዞ ስለሚመጣ ነው፤ ናይትሬት ይባላል፤ የሚከፍለው ዋጋ ከብሩ ተመን በላይ ነው። ከጠብታው ላይ የሚነሣው የሚያፍን ቡናማ ጭስ የዚህ ግብይት ቅሪት ነው። ትኩስና ያልቀጠነ ሰልፈሪክ አሲድም ይህን ማድረግ ይችላል። ሎሚ ግን አይችልም። በሎሚ ውስጥ ያለው ሲትሪክ አሲድ የራሱ ጠንካራ ገዢ የለውም፤ ያለው ገዢ ከአየር ገብቶ በጭማቂው ውስጥ የሟሟው ኦክስጅን ነው። ኦክስጅን በወረቀት ላይ ለብር የሚበቃ ዋጋ አለው፤ በተግባር ግን ንጹሕ ብር ላይ ሥራው እጅግ ዘገምተኛ ነው።

እዚህ ላይ አንድ አስገራሚ ነገር አለ። ጥቁሩ ሽፋን፣ ማለትም የብርና የድኝ ውሕድ፣ በኬሚስትሪ ከሚታወቁት ለመሟሟት እጅግ አስቸጋሪ ከሆኑት ነገሮች አንዱ ነው። የሎሚ ጭማቂ አያሟሟውም። ሎሚ የተቀባ ጌጥ የሚያበራው በሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው ፍተጋው ነው፤ ጨዉ እንደ አሸዋ ሆኖ ሽፋኑን ከሥሩ ካለው ብር ጋር ይፍቀዋል። ሁለተኛው ሎሚው ሌላ ነገር ማሟሟቱ ነው። ያ ሌላ ነገር መዳቡ ነው።

> የሎሚ ጭማቂ ጥቁሩን አያሟሟውም፤ የሚፍቀው ጨዉ ነው።

ስድስተኛዋ እጅ

ብርና መዳብ ቀልጠው ሲቀላቀሉ አንድ ይመስላሉ፤ ሲበርዱ ግን በብዛት ይለያያሉ። ጠገራን ቆርጦ፣ አለስልሶ በማይክሮስኮፕ ያየ ሰው ብር የበዛባቸውን ደሴቶችና በመካከላቸው መዳብ የበዛበትን ስስ መረብ ያገኛል። ሁለቱ የተለያየ ተመን ያላቸው ሻጮች ናቸው፤ እርስ በርስም ይነካካሉ። ጎምዛዛ ፈሳሽ ሲያርፍባቸው ጌጡ በላዩ ሺህ ጥቃቅን ባትሪዎች የተሰካኩበት ያህል ይሆናል። ርካሹ ሻጭ መዳቡ ስለሆነ እሱ ይሟሟል፤ ብሩ ደግሞ ኦክስጅን መጥቶ ኤሌክትሮኑን የሚቀበልበት መደብ ሆኖ ያገለግላል፣ ራሱ ሳይነካ። የሎሚው ጭማቂ አንዳንዴ ወደ አረንጓዴ ሲያዘነብል የሚታየው ከዚሁ የተነሣ ነው።

ይህን ባሕርይ አንጥረኞች ለጥቅም ያውሉታል። መስቀል ተበይዶ ከእሳት ሲወጣ ጥቁርና ቀይ ሆኖ ነው የሚወጣው፤ ላዩ ላይ ያለው መዳብ በእሳቱ ተቃጥሎ ኦክሳይድ ሆኗል። በጉጠት ይዘው የቀጠነ ሙቅ አሲድ ውስጥ ሲነክሩት ኦክሳይዱ ይሟሟል፣ ብሩ ይቀራል፤ መስቀሉም እንደ ወተት ነጭ ሆኖ ይወጣል። ይህ ነጭነት ንጽሕና ይመስላል፤ በእርግጥም የላይኛው ቆዳ ከውስጡ ይልቅ ንጹሕ ብር ሆኗል። ግን መዳቡ ከነበረበት የወጣ ስለሆነ ቆዳው እንደ ስፖንጅ ጥቃቅን ቀዳዳ አለው። አንጥረኛው ይህን ስለሚያውቅ ቆዳውን በለስላሳ ነገር እየጫነ ያጠብቀዋል፣ ያወለውለዋል። በየዓመቱ በሎሚ የሚታጠብ ጌጥ ግን ይህን እንክብካቤ አያገኝም። ቀዳዳው ላብ ይይዛል፣ እርጥበት ይይዛል፣ ጨው ይይዛል፤ በሚቀጥለው ክረምት ከቀድሞው ፈጥኖ ይጠቁራል። ቶሎ ስለጠቆረም ቶሎ ይታጠባል። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፣ ዑደቱ ጌጡን እያስዋበ ይወስደዋል።

ጨዉ ሲጨመር

ጨው በዚህ ጉዳይ ላይ የመፋቂያ አሸዋ ብቻ አይደለም። በውስጡ ያለው ክሎራይድ የብሩን ተመን ይሰብራል። ብቻውን 0.80 ላይ ይደራደር የነበረው ብር፣ ክሎራይድ ሲኖር 0.22 ገደማ ላይ ይስማማል፤ ምክንያቱም አዮኑ እንደወጣ ክሎራይዱ ይይዘዋል፣ ብር ክሎራይድ የሚባል ነጭ ጠጣርም ያደርገዋል። በአንጥረኛው ምርመራ ላይ እንደ አይብ የረጋው እሱ ነው። ሎሚው አሲድና ኦክስጅን፣ ጨዉ ክሎራይድ አመጡ ማለት ነው፤ በየራሳቸው የማይችሉትን በጋራ ይጀምሩታል። በአንድ ቀን እጥበት የሚታይ ነገር አይኖርም። ጌጡ በደንብ ሳይለቀለቅ ከነጨዉ ሙዳይ ውስጥ ከገባ ግን ሥራው በጨለማ ይቀጥላል።

ጊዜ ሲረዝም የሚሆነውን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አክሱም ከሦስተኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የወርቅ፣ የብርና የመዳብ ሳንቲም ትመታ ነበር፤ በአንዳንዶቹ ላይ በንጉሡ ምስል ወይም በመስቀሉ ዙሪያ ወርቅ መለበጧ በጥንቱ ዓለም ብርቅ ጥበብ ነው። ብር ለረጅም ዘመን ጨዋማና እርጥብ አፈር ውስጥ ሲቀበር ላዩ ቀንድ የሚመስል ግራጫ ቅርፊት ያበጃል፤ የማዕድን ሰዎች ስሙን ከቀንድ አውጥተውለታል። ቅርፊቱ ብር ክሎራይድ ነው፤ ቀድሞ ሳንቲም የነበረው ብር ነው። ወርቅ የተለበጠበት ብር ደግሞ ይብሳል፤ ወርቅ ከብር የበለጠ «አልሸጥም» ስለሚል፣ እርጥበት ሲያገኛቸው ሸክሙን ለብሩ ይጥልበታል። ልምድ የሌለው ሰው ይህን ቅርፊት ቆሻሻ መስሎት በሎሚ ወይም በአሲድ ሊያነሣው ሲሞክር የንጉሡ ስም የተጻፈበትን ቆዳ አብሮ ሊያነሣው ይችላል። ጽሑፉ ብዙ ጊዜ የቀረው በቅርፊቱ ውስጥ ነውና።

ከመቀሌ ወደ ምሥራቅ፣ አሞሌው ወደሚፈለጥበት ወደ አፋር ምድር የወረደ ሰው ደግሞ የሎሚና የጨው ድስቱን በተፈጥሮ መጠን ያገኘዋል። በዳሎል ፍል ውኃዎች የአሲድነት መለኪያው ከዜሮ በታች የሚወርድባቸው፣ በጨው የጠገቡ ኩሬዎች አሉ፤ ቢጫውና አረንጓዴው ከድኝና ከብረት የመጣ ቀለም ነው። ኬሚስትሪው እንደሚነግረን ከሆነ ለብር ከዚህ የከፋ ቦታ ማግኘት ይከብዳል። አሲድ አለ፤ ኤሌክትሮን የሚገዛ የዛገ ብረት አለ፤ ክሎራይዱም ከመጠን ያለፈ ስለሆነ በቀጠነ ጨው ውኃ እንደ መጋረጃ የሚያገለግለውን ነጩን ብር ክሎራይድ ራሱን መልሶ ያሟሟዋል። ለጠገራ መቀበሪያ የሚሆነው ኩሬ፣ ጠገራው ከአሞሌው ጋር ሲመነዘርበት ከኖረበት ገበያ የጥቂት ቀን የግመል ጉዞ ብቻ ይርቃል።

«እናቶቻችን በሎሚ አጥበው ኖረዋል»

በዚህ ክርክር ላይ የሚነሡ መቃወሚያዎች አሉ፤ ቀላሎችም አይደሉም። የመጀመሪያው የልማድ ነው። ሎሚ ያን ያህል ጎጂ ቢሆን ኖሮ የአያት መስቀል እስከ ዛሬ ይቆይ ነበር ወይ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን መልሱ ከመስቀሉ ራሱ ይገኛል። የብዙ አሮጌ መስቀሎች ጥልፍ ጠርዙ ተሸርሽሯል፣ የተቀረጸው ስም ደብዝዟል። የቆየው መስቀሉ ነው፤ የተጻፈበት ግን በከፊል ሄዷል። ደግሞም የአያት ጌጥ ወፍራም ነበር፣ በዓመት አንድ ሁለቴ ይታጠብ ነበር። ዛሬ የሚሠራው ብዙ ጊዜ ስስ ነው፣ የሚታጠበውም ደጋግሞ ነው።

ይህን ማለት ልማድን መናቅ አይደለም። የትግራይ ምድር ራሱ የልማድን ዋጋ ያስተማረን አገር ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ በታች ያሉት የወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው ነው ወደ ቢልሃርዚያ ምርምር የመራቸው። የእናቶች እንዶድ ሳይንቲስት ያላየውን ይዞ ነበር። ትምህርቱ ግን ልማድን መርምሩት የሚል ነው። ሲመረመር እንዶዱ ከተጠበቀው በላይ ሆኖ ተገኘ፤ ሎሚና ጨዉ ግን በመዳብ ድስት ላይ ጥሩ ሠራተኛ፣ በጠገራ ብር ላይ መጥፎ ሠራተኛ ሆነው ይገኛሉ።

ሁለተኛው መቃወሚያ ከሱቁ ይመጣል፦ አንጥረኛው ራሱ አሲድ ይጠቀም የለም ወይ? ይጠቀማል። ልዩነቱ አንጥረኛው አሲዱን የሚጠቀመው ከእሳት በወጣ አዲስ ሥራ ላይ፣ አንድ ጊዜ፣ ለተወሰነ ደቂቃ መሆኑ ነው፤ ከዚያም ያጥበዋል፣ ቆዳውን ያጠብቀዋል። ሐኪም ቢላ ስለያዘ ቤት ውስጥ ቆዳ መላጥ ይፈቀዳል አይባልም። ገዢው የሚያበራውን ይመርጣል የሚለው የሱቅ ክርክር ደግሞ ግማሽ መንገድ ብቻ ይሄዳል፤ ጎድጓዳው ጠቁሮ ጫፉ የሚያበራ መስቀል ሙሉ በሙሉ ከተፋቀው በላይ የሚወደድበት ገበያም አለ።

ሦስተኛው ከባዱ ነው፤ የሚመጣውም ከካህናት ወገን ነው። መስቀል የሙዚየም ዕቃ አይደለም፤ የሚሳለሙት፣ የሚባርኩበት ነው፤ ጠቁሮ እንዴት ይወጣል? ይህ መቃወሚያ በእርግጥ ለክርክራችን ምስክር ይሆናል። በየቀኑ የሚዳሰስ መስቀል በየቀኑ በእጅና በጨርቅ ስለሚታሽ ጥቁሩ ለመያያዝ ጊዜ አያገኝም። አጥብቆ የሚጠቁረው ለዓመታት ሣጥን ውስጥ ያለ አገልግሎት የተኛው ነው። ለብር ከሁሉ የሚሻለው ጽዳት መገልገል ነው።

> ለብር ከሁሉ የሚሻለው ጽዳት መገልገል ነው።

ጥቁሩን ከማንሣት ብሩን መመለስ

ጌጡ ብሶበት ከጠቆረ የሚደረግ ነገር አለ፤ እሱም ያንኑ የኤሌክትሮን ገበያ አዙሮ መጠቀም ነው። ጥቁሩ ሽፋን ብር አለበት ብለናል፤ ፈትጎ ከመጣል ይልቅ ኤሌክትሮኑን መልሶ ቢሰጡት ብሩ ብር ይሆናል፣ ድኙ ይሄዳል። ከሁሉ ርካሹ የኤሌክትሮን ሻጭ በየወጥ ቤቱ አለ፤ አልሙኒየም። አሰራሩ ይህ ነው። በሳህን ላይ የአልሙኒየም ፎይል ይነጠፋል፤ ጌጡ ፎይሉን እንዲነካ ሆኖ ይቀመጣል፤ ሙቅ ውኃና አንድ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ይጨመርበታል። ጥቃቅን አረፋ ይነሣል፣ የእንቁላል ሽታ ሽው ይላል፤ እሱ ድኙ ነው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ጥቁሩ ከጌጡ ላይ ሲጠፋ ፎይሉ ይደበዝዛል፤ የተበላው እሱ ነውና። ምንም አልተፋቀም። ከዚያ በብዙ ንጹሕ ውኃ ማጠብ፣ በለስላሳ ጨርቅ ማድረቅ ነው።

ይህም መድኃኒት ለሁሉ አይደለም። ጥልፉ እንዲነበብ ሆን ተብሎ የጠቆረ መስቀል ጥቁሩን ያጣል። ድንጋይ የተተከለበት፣ ሙጫ የገባበት፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ዶቃ ውኃ ይዞ ይቀራል። ዕድሜው የገፋ ብር ከውስጡ ተሰባሪ ሊሆን ይችላል፤ በመዋቅሩ መካከል ያለው መዳብ ለዘመናት ሲበላ ኖሯልና። የቤተ ክርስቲያን ንዋየ ቅድሳትና ከመሬት የወጣ ሳንቲም ደግሞ ፈጽሞ በቤት ውስጥ ሙከራ መነካት የለበትም፤ የቅርስ ጥገና ባለሙያ ሥራ ነው። በመቀሌ እንዳ ኢየሱስ ያለው ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ትምህርት አለው፤ በገበያው ዳርም ብር በእጁ ያደገ አንጥረኛ አለ። ሁለቱ የሚያውቁት ስለ አንድ ነገር ነው፤ አንዱ በቮልት፣ ሌላው በዓይን ይለካዋል። በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቢቀመጡ ለየደብሩ ዕቃ ቤት የሚሆን ቀላል መመሪያ ለማዘጋጀት የሚያግዳቸው ብዙ ነገር አይታይም።

ለቤት ግን መመሪያው አጭር ነው። ጌጡን ከሱፍ፣ ከላስቲክና ከወጥ ቤት ጭስ ማራቅ፤ ደርቆ፣ በታጠበ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልሎ ማስቀመጥ። ከአሸንዳ በፊት ከሙዳዩ ሲወጣ መጀመሪያ ለብ ያለ ውኃና ትንሽ ሳሙና መሞከር፣ በለስላሳ ጨርቅ ማሸት፤ ካልለቀቀ ፎይሉንና ሶዳውን። በጥልፉ ጎድጓዳ ውስጥ የቀረው ጥቁር ይቅር፤ ቦታው ነው። ሎሚውና ጨዉ ወደ ወጥ ቤቱ ይመለሱ።